ሞጁሉ ከመምጣቱ በፊት

ልጄ፣ በመስከረም በአካውንቲንግ የርቀት ትምህርት ልትመዘገቢ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። «ሁለት ልጅ ይዛ፣ በዚያ ላይ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሥራ፣ በዚህ ዕድሜዋ ምን አስጨነቃት?» ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን በስልክ ስለነገርኩሽ እዚህ አልደግመውም። እንደምታውቂው ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት ሒሳብ ቤት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለርቀት ተማሪዎች ቱቶር ሆኜ አስተምር፣ አሳይንመንትና ፈተና አርም ነበር። ማን እንደሚጨርስ፣ ማን መንገድ ላይ እንደሚቀር ከመልስ ወረቀቱ ይታወቀኝ ነበር። የሚቀሩት ሰነፎቹ አልነበሩም። ብቻቸውን መሥራት የሚገባቸውን ከሰው የተዋሱ፣ ከሰው ጋር መካፈል የሚገባቸውን ደግሞ ብቻቸውን የተሸከሙ ነበሩ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ይመጣል። በቁጥር የከፋፈልኩት ተመልሰሽ ለማየት እንዲመችሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ክብደት አለው ማለቴ አይደለም።

1. ዕውቅናውን ራስሽ አጣሪ።

በር ላይ በተሰቀለው ባነር አትመኚ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃው፣ ለሚሰጥበት ቦታና ለሚሰጥበት ስልት ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ አካውንቲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር ተፈቅዶለት፣ በርቀት ግን ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀንም አለው፤ በቅርቡ የግል ተቋማት እንደ አዲስ ይመዝገቡ ሲባል ስንቱ ከጨዋታ እንደወጣ ሰምተሻል። ስለዚህ «ዕውቅና አላችሁ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «አለን» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። «ለአካውንቲንግ፣ ለዲግሪ፣ በርቀት፣ በዚህ ማዕከል እንድታስተምሩ የተፈቀደበትን ደብዳቤ አሳዩኝ» በያቸው። ደብዳቤውን አይተሽም ቢሆን ባለሥልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር አመሳክሪው።

ይህን ያህል የማስጠነቅቅሽ የ2002 ዓ.ም.ን መጨረሻ ስለማስታውስ ነው። ያኔ መንግሥት ጥራት ጎድሏል ብሎ የርቀት ትምህርትን በአንድ መግለጫ አገደው፤ የግል ተቋማትም ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ወሰነ። የርቀቱ እገዳ ከወራት በኋላ ተነሣ። በእነዚያ ወራት ግን ገንዘቡን ቆጥቦ ለመመዝገብ የተሰናዳው ሰው ሁሉ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር።

2. ወረቀትሽን አሁኑኑ ሰብስቢ።

የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ፣ የደረጃ 4 ሰርተፍኬትሽ፣ የሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ማረጋገጫሽ፣ በእጅሽ ያለው ትራንስክሪፕት ሁሉም ዋናውም ኮፒውም በአንድ ፋይል ይግባ። ስምሽ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ፊደል በፊደል አስተያዪው፤ በአንዱ ወረቀት አንድ «ኤስ»፣ በሌላው ሁለት «ኤስ» ሆኖ ከተገኘ ዛሬውኑ አስተካክዪው። ዛሬ የአንድ ቀን ጣጣ ነው፤ በምረቃ ዋዜማ ከሆነ የወራት ምልልስ ይሆናል። የመግቢያ መሥፈርት በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ በተመዘገብሽበት ዓመት የወጣውን ማስታወቂያና የመግቢያ ደብዳቤሽንም አስቀምጪ። ዓመታት ተምረው ሊመረቁ ሲሉ «ስትገቡ ሲኦሲ አልነበራችሁም» የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሲኦሲውን ኋላ ቢያመጡትም ቀኑ አልገጠመላቸውም። ደረሰኝና ግሬድ ሪፖርት ደግሞ እጅሽ በገባ ቀን ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው። ይህን እንኳ ለሒሳብ ሠራተኛ መምከሬ ያሳፍራል፤ ግን የመሥሪያ ቤቱን ቫውቸር በቁጥር ደርድሮ የራሱን ደረሰኝ የትም የሚጥል ሒሳብ ሠራተኛ ብዙ አይቻለሁ።

3. ዲግሪው ለያዝሽው መደብ ይሠራ እንደሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ።

የሥራ መደቦች በጄኢጂ (በሥራ ምዘናና ደረጃ አወጣጥ) ተመዝነው ከወጡ ወዲህ ለየመደቡ የሚጠየቀው የትምህርት ዝግጅት ተጽፎ ተቀምጧል። የምትማሪው መስክ ስም እዚያ ላይ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ዲግሪ ይዘሽ ስለመጣሽ ብቻ ደረጃሽ እንደማይነሣም ከወዲሁ እወቂው፤ ክፍት መደብ ተገኝቶ፣ ተወዳድረሽ ነው። ይህን ሳያውቁ የተመረቁ ሰዎች በማግሥቱ ደመወዝ ይጨመርልን እያሉ ከአለቃ ጋር ሲጣሉ ይኖራሉ።

4. ገንዘቡን ከዕቁብሽ ጋር አገናኚው።

የርቀት ትምህርት ርካሽ ነው የሚባለው በከፊል እውነት ነው። የኮርሱን ክፍያ ይነግሩሻል። መመዝገቢያውን፣ ለቱቶሪያልና ለፈተና የምትመላለሺበትን ትራንስፖርት፣ ፎቶ ኮፒውን፣ የኢንተርኔት ጥቅሉን፣ ፈተና ካመለጠሽ የማካካሻውን፣ በመጨረሻም የጋውኑን ኪራይ ግን አንድ በአንድ የምትደርሺበት ራስሽ ነሽ። የመሥሪያ ቤታችሁ ዕቁብ ዕጣሽ በምዝገባ ወር እንዲሆን ዳኛውን ቀድመሽ ንገሪ፤ ለሕክምናና ለትምህርት ዕጣ መለዋወጥ ነውር የለበትም። ለሴሚስተር ክፍያ ብለሽ ግን አትበደሪ። ብድር ያለበት ተማሪ ሞጁሉን በገለጠ ቁጥር የሚያየው ዕዳውን ነው።

5. ዓመቱን ከሰኔ ወደ ኋላ ቁጠሪው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ ፑል በምትሉት የጋራ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ቤቱን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። የመውጫ ፈተናው ከሚሰጥባቸው ሁለት ወቅቶች አንዱ እዚያው ሰኔና ሐምሌ ላይ ይውላል፤ ሌላው ጥርና የካቲት ገደማ ነው። የየሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተናም አንዳንዴ እዚያው ይገባል። ስለዚህ በሁለተኛው ሴሚስተር ኮርስ ብትቀንሺ አይቆጭሽ፤ ከባድ ከባዱን ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውሰጂው። የዓመት ፈቃድሽን ለክርስትናና ለሠርግ አትበትኚው፤ ለፈተና ቀኖች አስቀምጪው። አለቃሽንም በሰኔ ሳይሆን በመጋቢት፣ ልቡ ሰፊ በሆነበት ጊዜ፣ በጽሑፍ አስፈቅጂ።

6. ሰዓትሽን ከቤተሰብሽ ጋር ተዋዋዪ።

«ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» የሚል ተማሪ ሁለተኛውን ሴሚስተር ሲያይ አላየሁም። ሰዓቱ ስም ይኑረው፤ ቤተሰቡም ይወቀው። ለአንቺ የሚሆንሽ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ያለው ይመስለኛል። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ስልክ አይጮኽም፣ ራስሽም ትኩስ ነው። ማታ ከሥራ ገብተሽ፣ ወጥ ሠርተሽ፣ ልጆች አስጠንተሽ ስታበቂ የምታነቢው ገጽ ዓይንሽን እንጂ አእምሮሽን አያገኘውም። በዚያ ላይ ሌሊት የምትነሺ ከሆነ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መተኛት አለብሽ፤ ይህ ደግሞ ያለ ባለቤትሽ ፈቃድና እርዳታ አይሆንም። ስለዚህ «ልማር ነው» ብቻ አትበይው። «ማታ ማታ ልጆቹን የምታስተኛው አንተ ነህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቱቶሪያል ስሄድ ቤቱ ያንተ ነው፤ ይህ እስከዚህ ዓመተ ምሕረት ድረስ ነው» ብለሽ ቁርጡን ንገሪው። መጨረሻው የታወቀ ሸክም ይቻላል። ካመነታ ወደ እኔ ላኪው፤ እኔ አናግረዋለሁ።

የማኅበራዊ ኑሮው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ለቅሶ ቅሪ አልልሽም፤ ሰው ሆነሽ መኖርሽ ይበልጣልና። ነገር ግን የሠርግ ቤት ሽንኩርት ከሐሙስ ጀምሮ ካንቺ ሌላ የሚልጠው ይጠፋል ወይ? እሑድ ለምሳው ድረሺ፣ ስጦታሽን ስጪ፣ ተመለሺ። ያኔ የሚያሙሽ ሴቶች አሉ። ይሙሽ። ማኅበሩን በተመለከተ ለእናትሽ ንገሪያት፤ ተራሽ ሲደርስ የፈተና ወር ከሆነ እሷ ታወጣልሻለች፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ደስ ይላታል፣ «ምን አስጨነቃት» ያለችውን አትዪ።

7. ሞጁል እንዴት እንደሚነበብ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ የምትቀበዪው ሞጁል የአካውንቲንግ ላይሆን ይችላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የጋራ ኮርሶች ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ተማሪው ሁሉ «ሎጂክ» እያለ የሚማረርበት ክሪቲካል ቲንኪንግ። «እኔ የመጣሁት ለዴቢትና ክሬዲት» ብለሽ አትናቂያቸው። ከትምህርት ቤት ከወጣሽ ብዙ ዓመት ሆኖሻል፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ መቀመጥን እንደገና የምትለምጂው በእነዚህ ነው።

ሞጁሉን ስትከፍቺ ከመጀመሪያው ገጽ አትንደርደሪ። የምዕራፉን መጨረሻ ገልጠሽ ራስን መፈተሻ ጥያቄዎቹን አንብቢ። ተማሪው ሁሉ የሚዘላቸው እነሱን ነው፤ መምህር ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚጠይቅሽን ሞጁሉ የሚጠይቅሽ ግን እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራፉ ተመልሰሽ አንድ ንዑስ ክፍል አንብቢ፣ ሞጁሉን ዝጊ፣ የቀረልሽን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ። በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም፣ ከቤትሽ ምሳሌ አምጪለት፤ ስድስት ወር ቀድመሽ የከፈልሽው የቤት ኪራይ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ያስረዳሻል። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ መልሰሽ ጻፊው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። ሞጁሉን ከፍተሽ ምን እንደዘለልሽ አስተያዪ። በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያም በሳምንቱ፣ ሳትገልጪ እንደገና ሞክሪው።

ይህ የሽማግሌ ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የተፈተነ ነገር ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ጽሑፍ ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ ደጋግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ አንብበው ሳያዩ እንዲጽፉት አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ የዛሬ ማታን ስሜት ያሳምራል፤ አንቺ የምትፈተኚው ግን ከወራት በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ በተለይ አንቺን የሚያደናቅፍሽን ልንገርሽ። የሚያደናቅፍሽ የምታውቂው ነገር ነው። አይቤክስ በሚባለው ሶፍትዌር የምትመዘግቢው የመንግሥት ሒሳብ የተሻሻለውን የጥሬ ገንዘብ አያያዝ የተከተለ ነው፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም ወጪ የሚመዘገበው በመሠረቱ ገንዘቡ ሲወጣ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ የ60,000 ብር ኮምፒውተር ቢገዛ 60,000ው በሙሉ የዚያው ዓመት ወጪ ይሆናል። ሞጁሉ የሚያስተምርሽ ግን የንግድ ድርጅቶችን የአክሩዋል ሒሳብ ነው። ያው ኮምፒውተር አምስት ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ ዋጋ አይኖረውም ከተባለና ወጪው በእኩል ከተከፋፈለ፣ በየዓመቱ 12,000 ብር ዲፕሪሲየሽን ይያዝበታል። የሰኔ መብራት በሐምሌ ቢከፈልም የሰኔ ወጪ ነው። ሳርም እንዳየሁት ልምድ ያላቸው የሒሳብ ሠራተኞች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጡት ልጆች ያነሰ ውጤት የሚያመጡት በአጀስትመንት ምዕራፍ ነው፤ «ይህንማ በየቀኑ የምሠራው ነው» ብለው ስለሚያልፉት። ባንክ ማስታረቂያንና የጥቃቅን ወጪ ገንዘብን በፍጥነት እለፊያቸው፣ መብትሽ ነው። ወጪና ገቢ መቼ ይመዘገባል በሚለው ላይ ግን እንደ ጀማሪ ሁኚ።

የሞጁሉን የታተመበትን ዓመትም እዪ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ አገራችን ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ የሚሉትን፣ ተቀብላለች፤ የቆዩ ሞጁሎች ግን የአሜሪካውን ደንብ ተከትለው የተጻፉ ናቸው። ሞጁልሽ ስለ አይኤፍአርኤስ አንድም ቃል ከሌለው ለማዕከሉ ንገሪ፣ አዲሱን መጽሐፍ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ተማሪ ፈልጊ።

8. አሳይንመንትሽን ማንም አይሥራልሽ።

«አሳይንመንትና ሪሰርች እንሠራለን» የሚለውን ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር እስከ መብራት ምሰሶው ታይዋለሽ። በቴሌግራምም የዓምናው መልስ በነፃ ይመጣልሻል። ሥራ በዝቶብሽ፣ ልጅ ታሞብሽ፣ ማስረከቢያው ነገ ሲሆን ያ ወረቀት መልአክ መስሎ ይታይሻል። እኔ በእርማት ላይ አንድ የተሳሳተ ድምር በብዙ ሰው ወረቀት ላይ ተሰልፎ አገኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰው የደመረው ስሕተት ከከተማ ከተማ ተሻግሮ። ማንነታቸውን ሳላውቅ ማን ከማን እንደገለበጠ አውቅ ነበር።

ድሮ ይህ ያዛልቅ ነበር። አሳይንመንቱ ነጥብ ይይዛል፣ ፈተናው ይታለፋል፣ ዲግሪው ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. ያ በር ተዘጋ። በዚያ ዓመት ሐምሌ የመውጫ ፈተና በመንግሥትም በግልም ተቋማት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሲሰጥ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር፤ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያንን ያገኙት ከመቶ 17 ገደማ ናቸው። ጥፋቱን በሙሉ በተማሪው ላይ አልጭንም፤ ክፍያ ተቀብለው ሞጁል አስረክበው ዘወር ያሉ ተቋማትም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ፈተናውን ወድቆ ቤቱ የተቀመጠው ተማሪው ነው። ሁሉንም ኮርስ አልፎ፣ የዓመታት ክፍያ ከፍሎ፣ ዲግሪውን ሳይዝ።

ስለዚህ ስሌትሽ ይህ ይሁን፦ በራስሽ እጅ ሠርተሽ 60 ያመጣሽበት አሳይንመንት፣ ተገዝቶ 95 ከመጣበት ይበልጣል። ያልቻልሽውን ጥያቄ ባዶ ተዪውና ለምን እንዳልቻልሽ በእርሳስ ጻፊበት። ለቱቶርሽ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። እርማቱ ሲመለስ ደግሞ ውጤቱን አይተሽ አትጣዪው፤ የተሳሳትሽውን በሳምንቱ እንደገና ሥሪው። ወረቀቱን ጨርሶ የማይመልስ ማዕከል ከሆነ ደጋግመሽ ጠይቂ፣ ከከፈልሽው ገንዘብ ከፊሉ የእርማቱ ነው።

የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ መሆኑንም ከአሁኑ እወቂ። በየመስኩ የሚያካትታቸው ዋና ዋና ኮርሶች ዝርዝር ወጥቷል፤ አግኝተሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ኮስት አካውንቲንግ፣ ኦዲቲንግ የመሳሰሉትን ስትጨርሺ ማስታወሻሽን አትጣዪ፣ ሞጁሉንም ለሰው አታውሺ። የአሁኑ ሴሚስተር ማስታወሻ የመጨረሻው ዓመት መጽሐፍሽ ነው።

9. ወደ ቱቶሪያል ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ።

ቱቶር አንድ ሙሉ ሞጁል በጥቂት ሰዓት ጨርስ ተብሎ ነው የሚላከው። ባዶ እጁን የመጣ ክፍል ሲያጋጥመው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ማንም ምንም አይዝም። አንድ ሰው «ገጽ 43 ላይ ያለው ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ደርሶ ቆመብኝ» ካለ ግን ክፍሉ በሙሉ ይነቃል፣ ቱቶሩም። ሦስት ጥያቄ ጽፈሽ ሂጂ። የሚስቁ ወጣቶች ይኖራሉ፤ ሁለተኛው ቱቶሪያል ላይ አጠገብሽ መጥተው ይቀመጣሉ። የቱቶሩን ስልክ ቁጥርም ጠይቂው። እምቢ ያለ ቱቶር ብዙ አላውቅም፤ የደወለ ተማሪ ነው ጥቂት።

10. ሦስት ወይም አራት ሰው ፈልጊ፤ ከዚያ አይብዛ።

ካምፓስ ያለ ተማሪ ሳያስበው የሚያገኘውን አንቺ ፈልገሽ ማግኘት አለብሽ፤ ስትጠፊ «የት ጠፋሽ?» የሚልሽን ሰው። በመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ሰልፉ ላይ አጠገብሽ ካለው ጀምሪ። አንድ ሁለቱ እዚያው ከተማሽ ያሉ ይሁኑ፣ ከተቻለ ካንቺ ሥራ ውጭ፤ የባንክ ሠራተኛ አንቺ የማታውቂውን ያውቃል፣ አንቺም እሱ የማያውቀውን። የሁለት መቶ ሰው ቴሌግራም ቡድን ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ለጥናት አይሆንም። ማታ ከፍተሽ ስታበቂ ያነበብሽው የሰው ጭቅጭቅና የሞባይል ሽያጭ ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኙ፣ ካልሆነ በስልክ። ደንቡ አንድ ይሁን፦ እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ለሌሎቹ ያስተምራል፣ ሌሎቹ እየጠየቁ ያፋጥጡታል። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የኔታ ለሁሉም ስለማይደርሱ ብቻ አይደለም፣ ያስተማረው የራሱ ስለሚጸናለት ነው። የቆሎ ተማሪ የነበረው አያትሽ ዳዊቱን ያልረሳው ለስንት ልጅ ሲያስቀጽል ስለኖረ ነው። አስተውዪ ግን፣ ማስረዳትን ነው የምትካፈሉት። መልስ መለዋወጥ ከተጀመረ ቡድኑን ትተሽ ውጪ፤ ወዳጅነቱን አቆዪው።

ልጆችሽም ከጥናት ጓደኞችሽ ይቆጠራሉ። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ናት አይደል? ጥያቄውን እሷ ታንብብልሽ፣ አንቺ ሳታዪ መልሺ። እንግሊዝኛዋም ይሻሻላል፣ ስትሳሳቺም ደስ ይላታል።

11. አንድ ኮርስ ብትወድቂ ወይም ማቋረጥ ግድ ቢሆንብሽ በደብዳቤ አድርጊው።

ልጅ ይታመማል፣ ዝውውር ይመጣል፣ አገርም ሰላም ያጣል፤ መንገድ ተዘግቶ ፈተና የቀረባቸው ተማሪዎች ነበሩኝ። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ዝም ብሎ መቅረት ነው። ያፍራል፣ ስልኩን አያነሣም፣ በዓመቱ ሲመለስ ስሙ ተሰርዞ፣ ወይም የቀረበት ፈተና ሁሉ «ኤፍ» ሆኖ ይጠብቀዋል። ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል ቅጽ ሙዪ፣ ማኅተም አስደርጊ፣ ኮፒውን ያዢ። የተሟላ ወረቀት ይዞ ያቋረጠ ሰው ባቆመበት መግባት ይችላል። ምን ያህል ዓመት እንደሚጠብቁሽም ስትመዘገቢ ጠይቂ፤ ወሰን አለው።

መቋረጥ መጨረሻ አይደለም፤ ስለዚያም ሆነ ስለ ዕድሜሽ ሲያነሡብሽ ማንዴላን ንገሪያቸው። በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱትን ሰውዬ ማለቴ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያጠናቀቁት ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒሳ፣ በተልእኮ ትምህርት ነበር። ሮበን ደሴት ታስረው ሳሉ የለንደን ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት በርቀት ያዙ፤ በድብቅ የጻፉት የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ሲገኝባቸው እስር ቤቱ የመማር ፈቃዳቸውን ለአራት ዓመት ነጠቃቸው። የሕግ ዲግሪያቸውን በመጨረሻ ከዚያው ከዩኒሳ ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገና እስረኛ ሳሉ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው። ዩኒሳ ዛሬ አቃቂ ላይ ማዕከል አለው። አንቺን የሚነጥቅሽ ወኅኒ አዛዥ የለም፤ ያለብሽ ሰኔ 30 ብቻ ነው።

12. እስከ መስከረም የምትሠሪው።

የሐምሌ መዝጊያ ሲያልቅ አሥራ አምስት ቀን ዕረፊ። ነሐሴ ላይ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ፈልጊ፤ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ባለ አንድ ያልታወቀ እኩልታ። ከዚያ በላይ አሁን አያስፈልግሽም። በቀን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቢ፣ የጋዜጣ የንግድ ዓምድ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥራሽም ስለሆነ አይሰለችሽም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣቱንም ከአሁኑ ልመጂው፤ ሞጁሉና እንቅልፉ በአንድ ሳምንት እንዳይመጡብሽ።

ከፍልሰታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። እነሱ ከአክስታቸው ጋር ይዋሉ፤ አንቺና እኔ የአጀስትመንቱን ምዕራፍ አብረን እንጀምረዋለን። የምትመርጪውን ተቋም የፈቃድ ደብዳቤ ኮፒና ካልኩሌተርሽን አምጪ። የስልክሽን ካልኩሌተር ማለቴ አይደለም፤ ወደ ፈተና ክፍል ስልክ አያስገቡም።